ግርዱ ወዴት ይሄዳል?

ጠንቃቃ የቤት እመቤት በቆሎ ስታበጥር የሻገተውን፣ መልኩ የተለወጠውንና ነቀዝ የበላውን ለቅማ ታወጣለች። የሚያስመሰግን ሙያ ነው። የሚያሳስበው የተለቀመው ግርድ መጨረሻው ነው፤ እህል መጣል ነውር ስለሚመስል ላሟና ዶሮዎቿ ይበሉታል። ነጋዴውም የሻገተውን ኦቾሎኒ ከመድፋት ይልቅ በርካሽ የሚወስድለት ይፈልጋል።

አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ሽታም ጣዕምም የለውም። ቢቆላ፣ ቢጋገር፣ ቢቀቀል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጉበትን ይጎዳል፤ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። ዓለም ያወቀውም በመኖ በኩል ነበር፦ በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የተርኪ ዶሮዎችን የፈጀው ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነው።

ላሟ ግርዱን በልታ ደህና ልትመስል ትችላለች። መርዙ ግን ተለውጦ በወተቷ ይወጣል፤ ማፍላትም አያስወግደውም። ተመራማሪዎች በአዲስ አበባና ዙሪያዋ በሰበሰቧቸው 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ አግኝተውታል፤ 29ኙ አሜሪካ ከምትፈቅደው መጠን እንኳ አልፈው ነበር። በዋናነት የተጠረጠረው የኑግ ፋጉሎ ነው። ያንን ወተት ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚጠጣው ሕፃን ነው።

በጎረቤት ኬንያ በ2004 እ.ኤ.አ. እርጥበት ባለበት ቤት የተከማቸና በዚሁ መርዝ የተበከለ በቆሎ 317 ሰዎችን አሳምሞ 125ቱን ገድሏል።

ኦቾሎኒ ቶሎ እንዲፈለፈል፣ በርበሬ ሚዛን እንዲደፋ ውሃ የሚረጩ ሰዎች ይህን ሰምተው እጃቸውን ይሰብስቡ። ገበሬው ምርቱን በባዶ መሬት ሳይሆን በሸራ ላይ ያስጣ፤ ጆንያውንም ከወለልና ከግድግዳ አርቆ በርብራብ ላይ ይደርድር። የእርጥበት መለኪያ ከሌለ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምሮ ደጋግሞ መነቅነቅ ነው፤ ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ እህሉ ገና ጎተራ አይግባ።

ዓይን ግን ሁሉን አያይም፤ ያማረ ፍሬም መርዝ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ መኖ አቀናባሪዎች፣ ዘይት ጨማቂዎችና ማኅበራት ፋጉሎውንና እህሉን ያስመርምሩ። መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ሊከማች ስለሚችል፣ ናሙናው ከአንድ ጆንያ አፍ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ጆንያ ከላይም ከታችም ይወሰድ።

ሻጋታ የነካውን ግርድ እንስሳት በማይደርሱበት ጉድጓድ ቅበሩት፤ ለላምም ለዶሮም አትስጡ፣ ለጠላም አታውሉት።