ስለ ጋብቻ መታሰቢያ ቀንና በቅርብ ስለሚገኝ ደስታ

በጥር ወር ማለቂያ ላይ አንድ የንስሐ ልጄ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ ቀርቦ፣ «አባቴ፣ ባልና ሚስት የተጋቡበትን ቀን በየዓመቱ ማክበራቸው የክርስቲያን ሥርዓት ነውን? ወይስ ከፈረንጅ የተቀዳ ከንቱ ልማድ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ስለ ሃይማኖቱ የተጨነቀ መስሎኝ ነበር፤ ጥቂት ባወያየው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ከጓደኞቹ ላለማነስ ሲል ገንዘብ ተበድሮ ባለቤቱን ሩቅ ወደሚገኝ የሐይቅ ዳር ሆቴል ወስዷት ነበር። ሁለት ሌሊት አድረው፣ ብዙ ፎቶግራፍ ተነሥተው ተመለሱ፤ ዕዳውን ሲከፍሉና በዕዳው ሲነታረኩ ግን ዓመቱ አለቀ። ከዚያ ወዲህ በዓሉን ጨርሶ ተወው። ዘንድሮ በ7ኛው ዓመት ባለቤቱ ቀኑን ብታስታውሰው «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ብሎ መለሰላት። እርስዋም «እኔ ቦታ አልፈለግሁም፤ አንድ ቀን አንተን ነው የፈለግሁት» አለችው። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

እንግዲህ መታሰቢያ ለእኛ ባዕድ ነውን? በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን፣ በ21 የእመቤታችንን ዝክር የምንዘክር፣ ለሞተ ዘመድ 40ውንና 80ውን፣ ሙት ዓመቱንም ቈጥረን ተዝካር የምናወጣ ሕዝብ ነን። ለሞቱት ቀን ለመቍጠር የማንሰንፍ ሰዎች፣ በሕይወት አጠገባችን ያለችውን ሚስት የተቀበልንበትን ቀን ስንረሳ «ባህላችን አይደለም» ማለታችን ምን ዓይነት ማመካኛ ነው? በተክሊል የተጋቡ ባልና ሚስት በዚያች ቀን ጸሎት ተደርሶላቸው፣ አክሊል ደፍተው፣ ሥጋውንና ደሙን ተቀብለዋል። ጸጋ የተቀበሉበትን ቀን ማሰብ ራስን ማወደስ አይደለም፤ የሰጠውን ማመስገን ነው እንጂ። ደግሞም ነገሩ በአገራችን የትናንት አይደለም። በ1903 ዓ.ም. የተጋቡት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን በ1953 ዓ.ም. የጋብቻቸውን 50ኛ ዓመት ሲያከብሩ፣ መታሰቢያ የፖስታ ቴምብር እንኳ ወጥቶ ነበር። እቴጌ መነን ያረፉት በየካቲት ወር 1954 ዓ.ም. ነው፤ ከበዓሉ በኋላ ዓመት እንኳ አልሞላም። «በሚመጣው ዓመት እናከብረዋለን» የሚል ባል ይህን ያስብ።

ስለ ቦታውም መጻሕፍት ዝም አላሉም። በኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ፣ አዲስ ሚስት ያገባ ሰው ወደ ጦርነት እንዳይዘምትና ሌላም ሸክም እንዳይጫንበት፣ አንድ ዓመት በቤቱ ሆኖ ያገባትን ሴት ደስ እንዲያሰኛት ታዝዟል። ሚስትን ደስ ማሰኘት ከዘመቻ የሚቀድም ግዴታ ሆኖ ተጻፈ፤ ስፍራውም ቤት ተባለ። ጌታችንም በሠርግ ላይ ውኃውን ወደ ወይን የለወጠባት ቃና ከናዝሬት እምብዛም የማትርቅ መንደር ናት፤ እናቱም በዚያ ነበረች፤ የጎረቤት ሠርግ ነበር ማለት ይቻላል።

መንገደኛን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ገንዘቡም ጊዜውም ያለው ሩቅ ሄዶ የእግዚአብሔርን ሥራ ቢያይ መልካም ነው። ነገር ግን ሩቅ አገር የሄዱ ባልና ሚስት የሚያዩት አገሩን ነው፤ ሐይቁ ይናገርላቸዋል፣ ተራራው ይናገርላቸዋል፣ እነርሱ ዝም ቢሉም አይታወቅባቸውም። ዘወትር በሚያውቁት መንገድ ላይ አብረው የወጡ ግን አዲስ ነገር ስለማያገኙ እርስ በርሳቸው መተያየት ግድ ይሆንባቸዋል። ብዙዎቻችን ቅርቡን የምንሸሸው ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በሌላ ወገን ደግሞ «ቤቴ ይበቃኛል» የሚለው ሰው ሁሉ ትሑት አይደለም። ራሱ ማታ ማታ ከወዳጆቹ ጋር ሲጫወት እያመሸ፣ ሚስቱን ግን ከጓዳ እስከ ገበያ ብቻ የሚያውቃት ባል አለ። በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በእጅ ስልካቸው ሌላ አገር የሄዱ ባልና ሚስትም አሉ። እነዚህ ከቤት አልወጡም፤ አብረውም አልነበሩም።

የጾም ነገርም አለ። በአገራችን ብዙ ሠርግ የሚደረገው ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ዐቢይ ጾም ግን በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ እየተዘዋወረ ይገባል፤ ጾመ ነነዌም ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው። ስለዚህ በፍስክ የተዳሩ ሰዎች መታሰቢያቸው በአንዳንድ ዓመት በጾም ላይ ይውላል። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ጾሙን ይሽራል፣ አንዳንዱ በዓሉን ይሰርዛል። ሁለቱም አያስፈልግም። የብሥራት በዓል መጋቢት 29 አብዛኛውን ጊዜ በጾም ስለሚውል ቅዱስ ደቅስዮስ በታኅሣሥ 22 አክብሮት የለምን? እርሱ የእመቤታችንን በዓል በክብር ካዛወረ፣ እኛ የእኛን አንድ ሁለት ሳምንት ብናዛውር ምን ይጐድላል? ባይዛወርም ሽሮና ቆሎ አብሮ መብላት ማንም አልከለከለም። (በዓል ያለ ሥጋ በዓል አይመስለንም፤ ይህ ግን የሆዳችን ሥርዓት ነው።)

ለንስሐ ልጄ ከዚህ ሁሉ ይልቅ በአጥቢያችን ስለሚኖሩ አንድ አረጋዊና ባለቤታቸው ነገርሁት። ከተጋቡ 40 ዓመት አልፏቸዋል። ቀኑ ሲደርስ ገና ሳይነጋ ይነሣሉ። ከደጅ ሳይወጡ ሴትዮዋ «ይቅር ይበሉኝ» ይላሉ፤ ባልየውም «አንቺም ይቅር በይኝ» ይላሉ። ከዚያም ከሽሮ ሜዳ በእግራቸው ወደ እንጦጦ ማርያም፣ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ወደ ነገሡባት ደብር ይወጣሉ። ካስቀደሱ በኋላ በአገልግል ከያዙት ምግብ በደጀ ሰላሙ ላሉት ነዳያን ያካፍሉና የቀረውን በባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይበላሉ። በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው ትልቅ መናፈሻ ተከፍቷል፤ እነርሱ ግን ከድሮው ቦታቸው አልተነሡም።

አንድ ጊዜ «እንዲያው ቀኑን ሙሉ ምን ስትጫወቱ ትውላላችሁ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። አረጋዊው ሣቁና «ከላይ ሆነን ሰፈራችንን እናያለን። እርስዋ በጣትዋ እያሳየች ‹ያ የእኛ ቆርቆሮ ነው› ትለኛለች፤ እኔ ‹አይደለም› እላታለሁ። በዚህ ስንከራከር ይመሻል» አሉኝ።

ዘንድሮ የሴትዮዋ ጉልበት ስለ ታመመ ወደ ተራራው አልወጡም። የደረሱት እስከ አጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድረስ ነው፤ አገልግሉ ግን አልቀረም፤ እኔም ከዳቦው ደርሶኛል።

የንስሐ ልጄ ይህን ሰምቶ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም አገልግል የት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ። ከአማቱ ቤት እንደማይጠፋ ነገርሁት።