ኮምፒውተር የተማረችው ልጃችንና የመድየን እህትማማቾች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከዐስር ሰላት በኋላ አንድ አባት መስጊድ በር ላይ አስቆሙኝ። ልጃቸው በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ የፕሮግራም ጸሐፊነት ሥራ አግኝታለች። እናቷ ደስ ብሏታል፤ እርሳቸው ግን እንቅልፍ አጥተዋል። «መሥሪያ ቤቱ ወንድ ይበዛበታል፤ ጎረቤቱም ማውራት ጀምሯል። እስክትመረቅ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። አሁን ቤት ተቀመጪ ብላት ሐቋን እነካ ይሆን? ሂጂ ብላትስ አላህ ዘንድ እጠየቅበት ይሆን?» አሉኝ። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ ስላልሆነ መልሱን ከእናንተም ጋር ልካፈለው ወደድሁ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ቀሰስ (28፡23-28) የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ስደት ይነግረናል። ሙሳ መድየን ውኃ ዳር ሲደርሱ ብዙ ሰው ከብቱን ሲያጠጣ፣ ሁለት ሴቶች ግን መንጋቸውን ከልክለው ከዳር ቆመው አገኙ። ምክንያቱን ሲጠይቁ አባታቸው በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ሥራው በእነርሱ ላይ መውደቁን፣ እረኞቹ እስኪሄዱም እንደሚጠብቁ ነገሯቸው። እዚህ ላይ እናስተውል። ሙሳ «ሴት ልጅ ከቤት ምን አወጣት?» ብለው አልገሠጹም፤ መንጋቸውን አጠጡላቸው። ልጆቹም ሥራቸውን አልተዉም፤ ሐያእናቸውንም አልጣሉም። ሁለቱን አብረው ይዘው ነበር።

ከዚያ በኋላ አንደኛዋ ለአባቷ ሙሳን እንዲቀጥሩ መከረች፤ ለሥራ የሚመረጠውም ብርቱና ታማኝ የሆነ ሰው ነው አለች። ዛሬ ዑለማዎች ስለ ሹመትና ስለ ቅጥር ሲያስተምሩ የሚጠቅሱት ይህ መለኪያ በቁርኣን ውስጥ የተነገረው በአንዲት ሠራተኛ ልጅ አንደበት ነው። አባቷም ምክሯን ሰምተው ተቀበሉ።

«እነርሱ የወጡት አባታቸው ስላረጁ ነው፤ ችግር ነው ያወጣቸው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ችግር የአንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ የኡማም ችግር አለ። ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል፤ ማለትም ከመካከላችን የሚያውቀው ሰው ከጠፋ ሁላችንም እንጠየቅበታለን። ገንዘባችን፣ የሕክምና መዝገባችን፣ የልጆቻችን ትምህርት በኮምፒውተር ውስጥ ባደረበት በዚህ ዘመን ይህ ዕውቀት ከዚያ በምን ያንሳል?

ሴቶች ከዚህ ሙያ ሲርቁ ምን እንደሚደርስ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒ እና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ የሰውን ፊት አይተው ወንድ ወይም ሴት ብለው የሚለዩ የታላላቅ ኩባንያዎች ፕሮግራሞችን መረመሩ። ፕሮግራሞቹ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ የተሳሳቱት ቢበዛ ከመቶ 0.8 ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን ስሕተቱ እስከ 34.7 ደርሶ ተገኘ። እኅቶቼ፣ መሣሪያው ያላወቀው የእናንተን ፊት ነው። ጉድለቱን ያጋለጡትም ሙያውን የተማሩ ሴቶች ናቸው።

ሙያው የወንድ ነው የሚባለውም ከታሪክ ጋር አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ይፋ የሆነውን ኤኒያክ የተባለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉለት ስድስት ሴቶች ነበሩ። በእኛም ታሪክ እመት ኸዲጃ (ረ.ዐ) ንግዳቸውን በራሳቸው ገንዘብ ያንቀሳቅሱ ነበር። አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብዱላህ (ረ.ዐ) ጽሕፈት አዋቂ ነበሩ፤ እመት ሐፍሳንም (ረ.ዐ) አስተምረዋል።

እንግዲህ «ብርቱ» የሚለው ዕውቀት ከሆነ፣ «ታማኝ» የሚለው ደግሞ አማና ነው። እኅቴ ሆይ፣ የሰዎች ምስጢር በእጅሽ ይገባል፤ ያልተፈቀደልሽን ከፍቶ ማየት ቁርኣን የከለከለው ስለላ ነው። የውርርድ ድርጅት መጥቶ የቁማር ፕሮግራም ሥሪልኝ ቢልሽ ክፍያው ቢበዛም ሐራም ነውና እምቢ በይ። ሒጃብሽንና ሰላትሽን ጠብቂ፤ ከባዕድ ወንድ ጋር በተዘጋ ክፍል ለብቻ ከመቀመጥ ተጠንቀቂ። ይህ ትእዛዝ ግን ለአንቺ ብቻ አይደለም፤ አጠገብሽ የሚሠራው ወንድምም ዓይኑን እንዲሰብር ታዟል።

ባሎችም ስሙ። በሱረቱ-ን-ኒሳእ (4፡32) ሴቶችም ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው ተነግሯል። ደመወዟ የእርሷ ነው፤ ለቤት ብትሰጥ ሰደቃዋ ነው እንጂ ግዴታዋ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሠርታ የመጣችን ሚስት የቤቱን ሥራ ሁሉ ብቻዋን ተሸከሚ የሚልም፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ) መመስከራቸውን ያስታውስ። ቀጣሪዎችም ሆይ፣ ዕውቀቷን ሳትፈትኑ በሒጃቧ ብቻ የምትመልሷት ልጅ ነገ አላህ ፊት ባለጋራችሁ ናት።

ለእኚያ አባት ያልኳቸው አጭር ነበር፦ «በጎረቤት ወሬ አይፍረዱ። ከልጅዎ ጋር ሄደው ቦታውን ይዩ፤ የሚሠራውን ሥራ፣ የመውጫ ሰዓቱን፣ የሰላት ቦታውን ይጠይቁ።» ሄዱም። በሚቀጥለው ጁሙዓ ሲያገኙኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ልጠይቅ ያሰብኩትን ሁሉ እርሷ ውሉን ሳትፈርም ጠይቃ ጨርሳ ኖሯል። የማላውቃት እኔ ነበርኩ» አሉኝ።

ወንድሞቼ፣ ልጆቻችንን በኢማን አሳድገን ስናበቃ ልናምናቸውም ይገባናል። አላህ (ሱ.ወ) ሴቶች ልጆቻችንን ብርቱና ታማኝ ያድርግልን፤ ሪዝቃቸውን ሐላል፣ ዕውቀታቸውንም ለኡማው ጠቃሚ ያድርገው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።