በጨዋታ ማስመሰል ሐሰት ነውን?

«አባቴ፥ አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገርሁም፤ ነገር ግን የዋሸሁ ሆኖ ይሰማኛል» ሲል በአሜሪካ የሚኖር አንድ ወጣት ምእመን ጠየቀን። ነገሩን እንድንጽፈውም ፈቅዶልናል። ወጣቱ ከጓደኞቹ ጋር ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ይማር ነበር።

በቀድሞው ሥርዓቱ ከ52ቱ ካርታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 5 ይታደላል፤ አንዱ የሌላውን አያይም። ሁሉም በየተራው ገንዘብ ያስይዛል፤ ሌላው ከፍ ያደረገውን ለመከተል ያልደፈረ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ሁሉም ከወጡ፥ የቀረው አንዱ ካርታውን ሳያሳይ ገንዘቡን ይወስዳል። ሊደርሱ ከሚችሉት 2,598,960 ዓይነት እጆች ከእኩሌታው ጥቂት የሚበልጡት አንድ ጥንድ እንኳ የሌላቸው ባዶዎች ናቸው። ስለዚህ ተጫዋቹ ባዶ ይዞ እንደ ባለጸጋ መምሰልን ይማራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. ጆን ቮን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ይህ ማስመሰል ከጥሩ አጨዋወት ሊለይ የማይችል መሆኑን በሒሳብ አስረድተዋል፤ ፈጽሞ የማያስመስል ሰው መልካም ካርታ ሲይዝ ሁሉ ይሸሹታልና።

ታዲያ ሐሰት ነውን? ሰሎሞን ሰይፍ አስመጥቶ ሕፃኑ እንዲከፈል ባዘዘ ጊዜ የእናቲቱን ልብ ሊገልጥ ነው እንጂ ሊከፍለው አላሰበም። ጌዴዎንም በ300 ሰዎች ቀንደ መለከትና ማሰሮ ብዙ ሠራዊት አስመስሏል። ቅኔ ቤት የዋለ ሁሉ ሰሙ ወርቁን እንደሚሰውር ያውቃል፤ ሰሚውም ተታለልሁ ብሎ አይከስስም። (ቅኔን ከቁማር ጋር በማነጻጸራችን የሚያዝኑ መምህራን ይቅር ይበሉን፤ ባለ ቅኔ የሚሰውረው ለመስጠት፥ ቁማርተኛ የሚሰውረው ለመውሰድ መሆኑን አልዘነጋንም።) ፖከር የተቀመጡትም እርስ በርሳቸው እንደሚያስመስሉ አውቀው ተቀምጠዋልና፥ ማስመሰሉን ብቻ ለይተን ሐሰት ልንለው አንደፍርም። ገንዘብ ማስያዙ ግን ሌላ ነው፤ በሐዋርያት ስም የሚጠሩት ቀኖናዎች ቁማርን ያልተወ ካህን እንዲሻር፥ ምእመንም እንዲለይ ያዝዛሉ፤ በዚህ ክርክር የለንም።

«እንግዲያ የቆረቆረህ ምንድር ነው?» አልነው። ጥቂት ዝም ብሎ ነገረን። በዚያች ሌሊት ከፊቱ የተቀመጠው ጓደኛው ከጥቂት ቀን በፊት የቤት ኪራይ እንደ ቸገረው አጫውቶት ኖሯል። ወጣቱ ባዶ ካርታ ይዞ ሳለ፥ ያ ጓደኛው ብዙ ገንዘብ ለማጣት እንደማይደፍር ስላወቀ ከፍ አድርጎ አስያዘ። ጓደኛውም የሚበልጥ ካርታ እያለው ጥሎ ወጣ።

የልጁ ሕሊና ከእኛ መጻሕፍት ቀድሞ አግኝቶታል። ካርታውን የሰጠው ጨዋታው ነው፤ የጓደኛውን ፍርሃት ያሳየው ግን ከጨዋታው ውጭ በአደራ የተሰጠው ወዳጅነት ነው። ጓደኛው በካርታ ሊታለል ተስማምቷል፤ በችግሩ ሊታለል አልተስማማም። በገበጣ ጠጠሩ ሁሉ በግልጥ ስለሚቆጠር የወዳጅን ጭንቀት ማወቅ አንዲት ጠጠር አይጨምርም። በዚህ ጨዋታ ግን የሰውን ድካም ማወቅ ራሱ እንደ ስድስተኛ ካርታ ይሆናል፤ ይህንንም ካርታ ከሁሉ ይልቅ የሚይዘው የቅርብ ወዳጅ ነው።

ገንዘቡን መልስለት፥ ስለምን እንደምትመልስም ንገረው አልነው። ገንዘቡን ወሰደለት፤ ጓደኛውም «በሕጉ ያንተ ነው» ብሎ ስቆ መለሰው። ስለምን እንደሚመልስለት ግን እስካሁን አልነገረውም።