ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚቀር ዕዳ አለን?

በወር መጨረሻ ሠራተኛው በደመወዝ መክፈያው ላይ ይፈርማል፤ ገንዘቡን ይቀበላል፤ አሠሪውም መዝገቡን ይዘጋል። ላይ ላዩን ሲታይ «ሠራ፣ ተከፈለው» ተብሎ ሒሳቡ ያለቀ ይመስላል። ሆኖም ያ ሠራተኛ ወሩን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ፣ ልቡ እየፈራ፣ ከሰው ጋር መነጋገርን ጠልቶ የሰነበተ ቢሆንና ምክንያቱም ሥራው ራሱ ቢሆን፣ ይህ በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? ለጉልበቱ ተከፍሎታል፤ ለሰላሙስ?

ውድ አንባብያን፤ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። አሠሪ ስለ ሠራተኛው የአእምሮ ጤና የሚጠየቅበት ዕዳ አለበትን? ካለበትስ ዕዳው እስከ ምን ድረስ ነው? ጥያቄው የሥራ አስኪያጆች ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ትምህርት ጨርሰን ሥራ የጀመርን ወይም ሥራ የምንፈልግ ነን፤ ነገ ደግሞ ሱቅ የምንከፍት፣ ክፍል የምንመራ፣ በቤታችንም ሠራተኛ የምንቀጥር እንሆናለን። ስለዚህ ዛሬ እንዴት እንድንያዝ እንደምንፈልግና ነገ ሌላውን እንዴት እንደምንይዝ አንድ ላይ ማሰብ ይገባናል።

በመጀመሪያ የአእምሮ ጤና ስንል ምን ማለታችን ነው? ብዙ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ በዓይነ ልቡናው የሚመጣበት ልብሱን ጥሎ በመንገድ የሚሄድ ሰው ነው። በአዲስ አበባ «አማኑኤል ገባ» የሚለው አነጋገር መሳለቂያ እስከ መሆን ደርሷል፤ ሆስፒታሉ ግን እንደማንኛውም ሆስፒታል ሕሙማን የሚታከሙበት ቤት ነው። በሙሉ ጤናና በከባድ ሕመም መካከል ረዥም መንገድ አለ። በዚያ መንገድ ላይ እንቅልፍ ያጣ፣ ያነበበውን የሚረሳ፣ በትንሽ ነገር የሚቆጣ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ ሲነሣ እግሩ የሚከብደው ሰው ይገኛል። ይህ ሰው ሥራው ላይ ነው፤ ሰዓት ይፈርማል፤ ሰላምታ ይሰጣል። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይጎድለውም።

እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት እንዳይመስለን። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ለሥራ በደረሰ ዕድሜ ከሚገኙት አዋቂዎች 15 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ገምቷል። መቶ ሰው በሚሠራበት ቦታ ይህን ሒሳብ ብናወርደው ወደ አሥራ አምስት የሚጠጋ ሰው ማለት ነው። ይኸው ድርጅት በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በየዓመቱ 12 ቢልዮን የሥራ ቀናት እንደሚባክኑ ይገምታል። እንግዲህ ነገሩ የጥቂት ደካሞች ጉዳይ ሳይሆን በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ጉዳይ ነው።

አንዳንድ አሠሪዎች እዚህ ላይ፦ «ጭንቀቱን ከቤቱ ይዞት መጣ፤ እኔ ምን አገባኝ?» ይላሉ። ይህ ክርክር በከፊል እውነት ስላለበት በቀላሉ መጣል አይገባም። የቤት ኪራይ፣ የእናት ሕመም፣ የትዳር ጠብ ሁሉ ከሠራተኛው ጋር ወደ ሥራ ይመጣሉ፤ የእነዚህ ሁሉ ባለዕዳ አሠሪው ነው ማለት ፍርድ ማጉደል ይሆናል። ነገር ግን ጭንቀት ከቤት ወደ ሥራ እንደሚመጣ ሁሉ ከሥራም ወደ ቤት ይሄዳል። የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በአንጎል የደም ሥር አደጋ የመመታት ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉም በ17 በመቶ ይጨምራል። የሥራ ብዛት ሥጋን ይህን ያህል የሚጎዳ ከሆነ መንፈስን ይምራል ማለት እንዴት ይቻላል?

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ውጥረት የሚመጣውን ዝለት ሲመድብ በሽታ አላለውም፤ በሥራ ቦታ በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ ውጥረት የሚመጣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ሁኔታ ነው አለው። ይህ አመዳደብ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ሠራተኛው ሲዝል «ምን ሆነሃል?» ከማለት በፊት «ሥራው ምን ሆኗል?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናልና። ሰውን ከዐቅሙ በላይ አሠርቶ፣ በሰው ፊት አዋርዶ፣ ሲዝል ደግሞ «የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው» የሚል አሠሪ፣ አባቶቻችን «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» እንዳሉት ነው።

ለምሳሌ አንዲት ገንዘብ ተቀባይ እናስብ። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ቆማ ትቆጥራለች፤ ቢጎድል ከደመወዟ ይቆረጣል። የጎደለው አንድ ቀን ነው፤ ፍርሃቱ ግን የሁልጊዜ ነው። በዚያ ላይ አለቃዋ በደንበኞች ፊት ቢጮኽባት፣ እርሱ ምሳውን እስኪበላ ድረስ ይረሳዋል፤ እርሷ ግን ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ቃሉን ደግማ ትሰማለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይህችን ሴት «በርቺ፣ አትጨነቂ» ብሎ መምከር ምን ይጠቅማታል? የሚጠቅማት ሒሳቡን ከእርሷ ጋር የሚያመሳክር ሁለተኛ ሰው መኖሩና አለቃዋ ተግሣጹን ለብቻዋ ጠርቶ መናገሩ ነው። መድኃኒቱ ያለው በሥራው አሠራር ውስጥ ነው።

የአገራችን ሕግም ይህን ጨርሶ አልዘነጋውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያዝዛል። አሠሪው የሥራው ሂደት ለሠራተኛው አካል ብቻ ሳይሆን ለሥነ ልቡናውም የአደጋ ምንጭ እንዳይሆን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ያስቀምጣል። የሕመም ፈቃድን ሲደነግግም «ሕመም» ይላል እንጂ የእግርና የአእምሮ ብሎ አይለይም። እነዚህ ቁጥሮች ደረቅ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የሳምንት ዕረፍት ማለት ከልጅ ጋር መጫወት፣ ዘመድ መጠየቅ፣ መተኛትም ማለት ነው። ዕረፍትን በልመና እንጂ በመብት የማያገኝ ሰው ባረፈበትም ቀን አያርፍም፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣልና።

ይሁን እንጂ ይህ አዋጅ የማይደርስበት አንድ ደጃፍ አለ፤ እርሱም የቤታችን ደጃፍ ነው። አዋጁ የቤት ውስጥ አገልግሎትን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሠራተኛውን በቤቱ የሚያሳድር አሠሪ በመኖሪያው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቱ ረገድ ጤናውንና መልካም ሁኔታውን እንዲጠብቅ ያዝዛል። ይህን የሚያውቅ ስንት የቤት እመቤት፣ ስንት አባወራ ይኖራል?

ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት ሥራዋም ቤቷም አንድ ነው። ሥራ ሲያልቅ የምትሄድበት የላትም። ሌሊት እንግዳ ቢመጣ ትጠራለች፤ ጠዋት ከሁሉ በፊት ትነሣለች። የአገሯን ሰው የምታገኝበት ቀን ካልተሰጣት የምታለቅስበት ትከሻ እንኳ የላትም። በስሟ ፋንታ «አንቺ» እየተባለች ዓመት ከቆየች፣ ዝምታዋ ጨዋነት ተብሎ ይመሰገናል እንጂ ሐዘን መሆኑን የሚጠረጥር የለም። ወደ ዐረብ አገር ሄደው በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ስልክ ተነጥቀው፣ በር ተቆልፎባቸው መኖራቸውን ስንሰማ እናዝናለን፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሐዘናችን እውነተኛ መሆኑ የሚለካው በገዛ ማድ ቤታችን ያለችውን በምንይዝበት አያያዝ ነው።

እንግዲህ አሠሪ ምን ያድርግ? በበኩላችን አራት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ሥራውን ይመጥን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። የሁለት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ሳለ ስለ አእምሮ ጤና ንግግር ማዘጋጀት ቁስሉን ሳያጥቡ በላዩ ሽቶ እንደ መርጨት ነው። የሌሊት ተረኛ ተራውን አስቀድሞ ይወቅ፤ ሠራተኛው ከእርሱ የሚፈለገው ምን እንደ ሆነ በግልጽ ይነገረው።

ሁለተኛ፤ ቃሉን ይጠብቅ። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይባላል። ጥሩ ደመወዝ እየከፈለ በየቀኑ የሚሰድብ አሠሪ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እጁ ይነጥቃል። ስሕተትን ማረም የአለቃ ሥራ ነው፤ ሰውን ማዋረድ ግን የማንም ሥራ አይደለም።

ሦስተኛ፤ በሩን ክፍት ያድርግ፤ ምስጢርም ይጠብቅ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ አለቆች የተጨነቀን ሠራተኛ ለይተው በአግባቡ እንዲረዱ ሥልጠና እንዲሰጣቸው መክሯል። እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ባዳ አይደለንም። አባቱ የሞተበትን ባልደረባ በመሥሪያ ቤት ዕድር እንደርስለታለን፤ አብረን እንቀመጣለን፤ ሕጉም ሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ማንም «ለምን አዘንህ?» አይለውም። እንቅልፉ የሸሸውን፣ ተስፋው የጨለመበትን ባልደረባ ግን እንሸሸዋለን ወይም እናወራበታለን። ለቅሶ መድረስን የሚያውቅ ሕዝብ ሬሳ ያልወጣበትንም ሐዘን መድረስ መማር ይችላል። ሆኖም አንድ ቃል ከአለቃው ክፍል ወጥቶ በሻይ ቤት ከተወራ ከዚያ በኋላ ማንም አይናገርም። ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቀመጣል።

አራተኛ፤ ቦታውን ይጠብቅለት። እግሩ ተሰብሮ የተመለሰውን «እንኳን ማረህ» ብለን ወንበር እንስብለታለን። በአእምሮ ሕመም ታክሞ የተመለሰውን ግን ብዙ ጊዜ ቁልፉን እንቀበለዋለን፣ ኃላፊነቱንም ለሌላ እንሰጣለን። ሥራ ለብዙ ሰው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከሰው እኩል የሚያቆመው ክብር ነው። ስለዚህ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ሥራው እንዲመለስ ማድረግ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

«ይህ ሁሉ ለትልቅ ድርጅት ነው፤ ትንሽ ሱቅ ያለው ከየት ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ከተናገርነው ብዙው ገንዘብ አይጠይቅም፤ አለመጮኽ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ተራን አስቀድሞ መናገር ሳንቲም አያስወጣም። ሁለተኛ ሰው መቅጠር ግን ወጪ አለው፤ የለውም ብለን አንዋሽም። ነገር ግን አሠሪው ያልከፈለው ወጪ ጠፍቶ አይቀርም። ሠራተኛው በእንቅልፉ፣ ሚስቱ በትዕግሥቷ፣ ልጆቹ በአባታቸው ፊት መጥቆር ይከፍሉታል። እንግዲህ ጥያቄው ወጪው ይኑር አይኑር ሳይሆን ማን ይክፈለው የሚል ነው። ከሥራው የሚያተርፈው ሰው ሥራው ከሚያደርሰው ጉዳት ድርሻውን ይውሰድ ማለት ልግስና መጠየቅ አይደለም፤ ፍትሕ ነው።

ዕዳው ወሰን የለውም ማለታችን ግን አይደለም። አሠሪ ሐኪም አይደለም፤ የነፍስ አባትም አይደለም። የሠራተኛውን የቤት ገመና እየቆፈረ «ልርዳህ ብዬ ነው» ቢል ይህ ሌላ ጭቆና ነው። ሠራተኛውም በበኩሉ ዕርዳታን የመፈለግ፣ ሕክምናን የመቀበል፣ ባልደረባውን ያለመጨቆን ግዴታ አለበት፤ ክፉ ቃል ከአለቃ ብቻ አይመጣምና። የአሠሪው ዕዳ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሥራው ራሱ እንዳያቆስል ማድረግ፣ የቆሰለው የሚናገርበትን በር አለመዝጋት፣ ታክሞ ሲመለስም ቦታውን መጠበቅ። ከዚህ የሚያልፈው ቸርነት ነው፤ ከዚህ የሚያንሰው ግን የሰው ገንዘብ መያዝ ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ከመካከላችን ሥልጣን የሌለው ቢኖር «ይህ አይመለከተኝም» አይበል። ከእኛ በኋላ የተቀጠረ አንድ ሰው ካለ፣ በቤታችን ውኃ የምታቀርብልን አንዲት እኅት ካለች፣ እኛም በዚያች መጠን አለቆች ነን። ነገ ጠዋት በስሟ እንጥራት፤ የዕረፍቷ ቀን መቼ እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ቀን ከሌላትም በቤት ውስጥ ስለ እርሷ የምንናገር እኛ እንሁን።