ትምህርቱን የፈጸመ ሰው ከወዳጆቹ ጋራ ስለሚቀመጥበት ማዕድ

አንባቢ ሆይ፥ በምረቃ ሰሞን በወልድያ ወይም በመርሳ ከተማ ያለፍህ እንደ ሆነ፥ ጥቁር ጋዋን የለበሱ ወጣቶች አበባ ታቅፈው ወደ ምግብ ቤት ሲገቡ አይተህ ይሆናል። ከእነርሱም አንዱ አንተ ራስህ ልትሆን ትችላለህ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ስለዚያች ማታ ነው። ስለ ሰርግ፥ ስለ ተዝካርና ስለ ማኅበር ብዙ ተነግሮአል፤ ትምህርቱን የፈጸመ ሰው ከወዳጆቹ ጋራ ወጥቶ ስለሚበላው እራት ግን የሚናገር ጥቂት ነው፤ ነገሩ ትንሽ ይመስላልና። እኔ ግን ትንሽ ነው አልልም። ሰው ሦስትና አራት ዓመት አብሮት የኖረውን ባልንጀራውን በእውነት ይወደው እንደ ነበረ፥ ወይስ አብሮት ስላደረ ብቻ ወዳጄ ይለው እንደ ነበረ፥ በዚያች በአንዲት ማታ ሊገለጥ ይችላል።

አስቀድሜ ግን ለአንዳንድ መካሪዎች ልመልስ። እነርሱ እንዲህ ያለውን ግብዣ ፈጽመው ይነቅፋሉ። «አባትህ በሬውን ሸጦ ያስተማረህ በምግብ ቤት ተቀምጠህ እንድትበላው ነውን?» ይላሉ። ነቀፋቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ልክ አይመስለኝም። ጌታችንም በቃና ዘገሊላ ወደ ሰርግ በተጠራ ጊዜ ሄደ እንጂ ገንዘብ ይባክናል ብሎ አልቀረም። ደግሞም ይህ ተማሪ በምን መንገድ አልፎ ለዚህ ቀን እንደ ደረሰ ማሰብ ይገባል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ በመርሳም የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ አለው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በትግራይ ኀይሎች እጅ በነበረች ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ተዘረፈ፥ ብዙውም ተሰበረ፤ ትምህርቱም ተቋረጠ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቶ መንገዱ አንድ ጊዜ ሲዘጋ አንድ ጊዜ ሲከፈት ኖረ። በዕቅድ ያለቀ የሚመስለው ትምህርት ለብዙዎች ዓመት ጨመረባቸው።

ስለ ምግቡም የተናገርን እንደ ሆነ፥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመድበው ገንዘብ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ እስኪል ድረስ 22 ብር ነበረ። በ22 ብር ቁርስ፥ ምሳና እራት! በዚያም ላይ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ከትምህርቱም ከፊሉን ሥራ በያዘ ጊዜ እንዲከፍል ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ውል ይፈርማልና፥ ያ ቀጭን ሽሮ እንኳ በብድር የተበላ ነው። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ያለፈ ሰው አንድ ማታ ከወዳጆቹ ጋራ ተቀምጦ ቢበላና ቢሥቅ ማን ይከለክለዋል? እኔ አልከለክለውም።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። መብላት ይገባሃልን? ብዬ አልጠይቅህም፤ ከማን ጋራ ትበላለህ? ብዬ እጠይቅሃለሁ እንጂ። «ከወዳጆቼ ጋራ» ትለኛለህ። መልካም ነው። ነገር ግን ቍጠራቸው። በመኝታ ክፍልህ ስንት ነበራችሁ? በማዕዱስ ዙሪያ ስንት ናችሁ? የጐደለ ካለ ስለ ምን ጐደለ?

ልማዱን ታውቀዋለህ። አንዱ ደብተር ይይዛል፥ ስም ይጽፋል፥ ከእያንዳንዱም እኩል መዋጮ ይሰበስባል። እኩል ማዋጣት ፍርድ ያለበት ነገር ይመስላል። ነገር ግን የአንዱ አባት በወልድያ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ የሁለተኛው እናት በሀብሩ ቆላ ጥቂት መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው የሚኖሩ መበለት ናቸው። ለአንዱ የኪሱ ትርፍ የሆነው ለሌላው የወር ስንቅ ነው። ከሁለቱም አንድ ልክ የሚጠይቅ ደብተር የሰዎቹን ስም ያውቃል እንጂ ሰዎቹን አያውቅም።

ይህንን የምለው ሌሎችን ልነቅፍ አይደለም። ትምህርቴን በጨረስሁበት ዓመት ደብተር ያዡ እኔ ነበርሁ። በአንድ ክፍል የምናድር ሰባት ነበርን፤ ከእኛም አንዱ ከመርሳ ማዶ ካለ ገጠር የመጣ፥ ዝምተኛ፥ በትምህርቱ ግን ከሁላችን የበረታ ልጅ ነበረ። ገንዘቡን በጠየቅሁት ጊዜ «ነገ» አለኝ፤ በማግሥቱም «ነገ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን «ራሴን አሞኛልና እናንተ ሂዱ» አለ። እኔም ስሙን ሰረዝሁት። መስመሩ እንዳይጣመም ማስመሪያ ይዤ እንደ ነበረ አስታውሳለሁ፤ ደብተሬ ንጹሕ እንዲሆን እወድ ነበርና። ከዚያ ሄድን፥ በላን፥ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሣቅን። ስለ እርሱ የጠየቀ አልነበረም።

በማግሥቱ እናቱ አገልግል ተሸክመው መጡ። ዶሮ ወጥ ሠርተው ነበር፤ ለልጃቸው ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም የሚበቃ። ከመካከላችን አንዱ ሙስሊም መሆኑን ከልጃቸው ሰምተው ኖሮ፥ ለእርሱ ምስር ወጥ በሌላ ዕቃ ለብቻው ይዘውለት መጥተዋል። አስቀመጡንና በየተራ እያጐረሱን «ማታስ ደኅና በላችሁ ልጆቼ?» አሉን። ለካስ እርሱ እንዳያዝኑበት ብሎ «ከጓደኞቼ ጋራ እራት ልወጣ ነው» ብሎ በስልክ ነግሮአቸው ኖሮአል። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እርሱም ወደ እኔ አየና «ደኅና በላን፥ እማዬ» አላቸው። ያጐረሱኝን መዋጥ አቃተኝ።

እርሳቸው ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር፤ ከእኛም ማንንም ከዚያ በፊት አላዩም። ሰባታችንን ግን ከእኔ ይልቅ በትክክል ቈጥረውን ነበር።

«እንግዲህ ምን ላድርግ? ከድኻ ወዳጄ ገንዘብ ባልጠይቅ ምጽዋት እንደ ሰጠሁት ቈጥሮ ያፍራል» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፥ ይህ ከባድ ነገር ነው። ብዙ ቸሮች በቸርነታቸው ሰውን አዋርደዋል። በሰው ፊት «የእርሱን እኔ እከፍላለሁ» ያለ ሰው ከፍሎ ሳይሆን ሸጦ ነው፤ የሸጠውም የወዳጁን ክብር ነው። ስለዚህ የሚከፈለው ነገር ሳይታወቅ ይከፈል፤ ደብተርም አይያዝ። ከዚህም የሚሻል መንገድ አለ፤ ይኸውም ቦታውን ስትመርጥ ባለ ብዙ ገንዘቡን ሳይሆን ባለ ጥቂት ገንዘቡን አስበህ መምረጥ ነው። ከትልቁ ሆቴል ቀርቶ ከትንሿ ቤት ሽሮና ሻይ ቢሆን ምን ይጐድላል? በመርሳ በመንገድ ዳር ማንጎና ፓፓያ ብርቱካንም ይሸጣል። ያንን ገዝተው፥ ዳቦ ጨምረው፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ቡና አስፈልተው የተቀመጡ ሰዎች ግብዣ አላደረጉም የሚል ካለ፥ ግብዣ ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ፎቶግራፉ ግን ያን ያህል እንደማያምር አውቃለሁ። ብድር ሊመልስ የማይችለውን ሰው ስለ መጥራት በሉቃስ ወንጌል የተጻፈውንም አንተ ራስህ ታነበዋለህ።

ስለ ሥጋውም ልናገር። የዚያች እናት ሁለት ዕቃ መያዝ የእርሳቸው ብቻ ብልሃት አልነበረም፤ የወሎ ልማድ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም፤ ነገር ግን ስለዚህ ብለው በሰርግና በለቅሶ አይለያዩም። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚያርድ ሙስሊም ይጠራል፥ ድስቱም ለብቻው ይጣዳል፤ ሙስሊሙም ሲድር ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ሰው ሥርዓቱን ሳይጥል ጎረቤቱንም ሳይጥል የሚኖርበትን መንገድ አባቶቻችንና እናቶቻችን በብዙ ድካም አገኙት፤ ሁለት ድስት መጣድ ከአንድ ይልቅ ማገዶ ይፈጃልና።

በምግብ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሥጋ ቤቱ በበሩ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ሥሎ ይጠብቃል፤ ድስቱም አንድ ነው። ስለዚህ በተማሪዎች አዳራሽ ከአንድ ድስት ሽሮ ሲበሉ የኖሩ ወዳጆች፥ ጥቂት ገንዘብ አግኝተው ሥጋ ሊበሉ በወጡባት ማታ በሁለት በር ይለያያሉ። ድህነት አንድ አድርጎ ያኖራቸውን ትንሽ ብልጥግና ለያቸው! አንዳንድ ጊዜም ብዙዎቹ አንድ ወገን ከሆኑ አንዱን «አንተ ለስላሳ ጠጣ» ብለው በሥጋቸው ዙሪያ ያስቀምጡታል። እርሱም በፈገግታ ይቀመጣል። ፈገግታውን አትመነው።

ይህን ስል የሃይማኖቱን ሥርዓት ይተው ማለቴ አይደለም። ወዳጁን ደስ ለማሰኘት ሥርዓቱን የሚጥል ሰው ነገ ወዳጁንም ለሌላ ደስታ ይጥለዋል። እኔ የምለው ይህን ያህል ብቻ ነው፤ በዚያች ማታ ሁሉም የሚበላውን ብሉ። በያይነቱ ያልተሠራበት ምግብ ቤት በአገራችን የለም ማለት ይቻላል። «የጾም ወጥ ለምረቃ?» ብለህ አትሣቅ። ምረቃችሁ ከሐምሌ 5 ቀን በፊት የዋለ እንደ ሆነ የሐዋርያት ጾም ስላልተፈታ ለጿሚው ጓደኛህ ያው ነው። ሥጋ ነገም ይገኛል፤ እነዚያ ሰዎች ግን በአንድ ማዕድ ዙሪያ እንደ ገና ተሟልተው የሚገኙበት ቀን መኖሩን እጠራጠራለሁ። አንዱ ወደ አዲስ አበባ፥ አንዱ ወደ ደሴ፥ አንዱም ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል።

ስለ መጠጥ ብዙ አልልም፤ በሌላ ቦታ በብዙ ተነግሮአልና። ሰክሮ የተመለሰ ሰው የዚያችን ማታ ነገር አያስታውስም፤ እንግዲህ ያላስታወሰውን ነገር ለምን ብሎ ከፈለበት?

የቀረኝ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ከመቶ 50 ያላገኘም ዲግሪውን አይቀበልም፥ በሌላ ዙር ዳግመኛ ይፈተናል እንጂ። ውጤቱም በስልክ ይታያል። በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች በአንድ ደቂቃ ስልካቸውን ይከፍታሉ፤ አራቱ ይጮኻሉ፥ አንዱ ዝም ይላል። በ50 እና በ49 መካከል ያለው አንዲት ነጥብ ናት። ያችን ነጥብ ያገኘው ካላገኘው የተሻለ ሰው ነውን? አይደለም፤ የተሻለ ተማሪ ነው ለማለት እንኳ ያስቸግራል።

ይህን ወዳጅህን ወደ እራቱ ትጠራዋለህን? ብዙዎች አይጠሩትም፤ ምክንያታቸውም ርኅራኄ ነው። «ቢመጣ ያዝናል፤ ባናስታውሰው ይሻላል» ይላሉ። ከዚያም በሹክሹክታ ይቃጠራሉ፥ እርሱ ሲተኛ ይወጣሉ፥ ሲመለሱም ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ። እኔ ይህን ርኅራኄ አላምነውም። ከልብ መርምረው፤ የራቅኸው ከእርሱ ኀዘን ነውን? ወይስ ደስታህ በእርሱ ፊት እንዳይደበዝዝ ፈርተህ ነው? በአገራችን ሰው ሲሞትበት ጎረቤት «ብንሄድ ያዝናል» ብሎ ከቤቱ አይቀርም፤ እንጀራውንና ወጡን ተሸክሞ ይሄዳል፥ አብሮ ተቀምጦ ያበላዋል። ማዕድን ወደ ኀዘንተኛ ቤት መውሰድ እንዲህ እያወቅን፥ ያዘነውን ወደ ማዕዳችን መጥራት ለምን ተሳነን?

«ከጠራሁትና መጥቶ ቢያለቅስስ?» ብትል፥ ያልቅስ። አብረኸው ሦስት ዓመት ስትኖር ሲያለቅስ አላየኸውምን? ላለመምጣትም መብት አለው። መምጣቱንና መቅረቱን የሚመርጠው እርሱ ይሁን እንጂ አንተ አትምረጥለት።

ስለዚህ ከምግብ ቤቱ ቦታ ሳትይዝ አስቀድመህ ወደ እርሱ ሂድ። መልእክት አትላክበት፤ በእግርህ ሂድ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥና «ዛሬ ማታ እራት አለን፤ ያለ አንተ ጐደሎ ነው። ብትመጣ ደስ ይለናል፥ ባትመጣም አንቀየምህም» በለው። ባይመጣ በዚያች ሌሊት ፎቶግራፉን በየስልኩ አትዘርጋው። ቢመጣም በመካከል አስቀምጠው እንጂ በጫፍ አታስቀምጠው፤ ስለ ፈተናውም እርሱ ካላነሣ አታንሣበት፥ ካነሣም ለማጽናናት አትቸኵል፥ ስማው። በማግሥቱም ሻንጣህን ስታሰናዳ ደብተሮችህንና ያሰመርህባቸውን ወረቀቶች ለይተህ በጠረጴዛው ላይ ተውለት። ለሚመጣው ዙር እርሱ ይፈልጋቸዋል፤ ለአንተ ግን ከእንግዲህ ሸክም ብቻ ናቸው።