የወለደ ወይስ ያሳደገ?

ባለፈው ክረምት ከየዩኒቨርሲቲያችን ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የተመለስን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እንደ ልማዳችን ከመርሐ ግብሩ በኋላ ክርክር ገጠምን። ሕግ የሚያጠናው ወንድማችን በትምህርቱ ያገኘውን አንድ የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ አቀረበልን። ነገሩ እንዲህ ነው።

ሁለት ሴቶች እንደ ባለትዳር አብረው ይኖሩ ነበር። ልጅ ፈለጉ። እንቁላሉ ከአንደኛዋ ተወሰደ፤ የወንዱ ዘር ከለጋሽ ተገኘ፤ ሁለተኛዋ አርግዛ እ.ኤ.አ. በ2001 መንታ ወለደች። በሕጉ መሠረት ግን በመዝገብ ላይ እናት ተብላ ልትጻፍ የምትችለው የወለደችው ብቻ ነበረች። ነገሩ እስከ አገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለቱም በሕግ ወላጆች ሆነው እንዲመዘገቡ ወሰነ።

አንዳንዶቻችን ሳቅን። «የእኛ አገር ነገር አይደለም፤ ምን አገባን?» አልን። በእርግጥም በአገራችን እንዲህ ያለ ጥምረት በሕግ አይታወቅም፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ድርጊቱን ይቀጣል። ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻ የወንድና የሴት መሆኑን ታስተምራለች፤ እኛም ይህን ልንለውጥ አልተሰበሰብንም። ክርክሩ በዚሁ ሊዘጋ ሲል ግን፣ እስከዚያ ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ወንድማችን «እኔስ የማን ልጅ ነኝ?» ብሎ ጠየቀ። ሳቁ ቆመ።

ይህ ወንድማችን የጡት ልጅ ነው። ያሳደጉት እናት ሕፃን ሳለ ተቀብለው፣ በአገሩ ወግ ጣታቸውን ማር ቀብተው አጥብተው ልጄ ብለውታል። ክርስትና አስነሥተውታል፤ አስተምረውታል። እሳቸው ሲያርፉ ግን ዘመዶቻቸው የመሬቱን የይዞታ ደብተር ይዘው «አንተ ደማችን አይደለህም፤ ወረቀትህን አሳይ» አሉት። ወረቀት አልነበረውም። የጡት ልጅ መሆኑንም የሰማው የዚያን ዕለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰውን ወላጅ የሚያደርገው ምንድን ነው? ደም ነው እንዳንል፣ የራሳችን ሕግ እንኳ ደምን አያስቀድምም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ እናትነትን በመውለድ ያረጋግጣል፤ በጋብቻ ውስጥ ለተወለደ ልጅ ደግሞ ባልየውን አባት ያደርገዋል። ጋብቻው ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላ፣ ከፈረሰም 300 ቀን ሳይሞላ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ውስጥ እንደ ተፀነሰ ይቆጠራል። ማንም አስቀድሞ ደሙን አይመረምርም። በጉዲፈቻ የተወሰደውም እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጠራል። አረጋዊ ዮሴፍም በሥጋ አባት አልነበረም፤ ዳሩ ግን ሕፃኑን ይዞ ወደ ግብፅ የተሰደደው እርሱ ነው፤ ወንጌላዊው ማቴዎስም የትውልዱን ሐረግ በእርሱ በኩል ይቆጥራል።

ማሕፀን ነው እንዳንልም፣ በደቡብ አፍሪካው ጉዳይ ደሙ ከአንዷ፣ ማሕፀኑ ከሌላዋ ነው። ከሁለቱ አንዷ ብትሞትና የቀረችው በሕግ ባዕድ ብትሆን፣ ሜዳ ላይ የሚቀሩት ሕፃናቱ ናቸው። የወንድማችንም ዕጣ ይኸው ነው።

አንዲት እኅታችን በብርቱ ተቃወመች። «የልጁን ወረቀት ብንቀበል የወላጆቹን ኑሮ ባረክን ማለት ነው» አለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ አሰብንበት። ነገር ግን ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ሕፃን በ40 ቀኑ፣ ሴት ብትሆን በ80 ቀኗ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ይጠመቃል። ይህን በማድረግ ቤተ ክርስቲያን ዝሙትን ባረከች የሚል የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጪ የተወለዱ ሕፃናት ከሌሎቹ እኩል መብት አላቸው ይላል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች አሉ ማለት ነው፤ አዋቂዎቹ ያደረጉት ትክክል ነው ወይ የሚለው አንድ፣ ለልጁ ምን ይገባዋል የሚለው ሌላ። የመጀመሪያውን መልስ በሁለተኛው ላይ መጫን፣ ያላጠፋውን መቅጣት ነው።

ሌላው ወንድማችን ደግሞ «የዘሩ ባለቤትስ? ልጁ ከማን እንደ መጣ ማወቅ አይገባውምን?» አለ። ይህም እውነት ነው። ሕገ መንግሥታችን ልጅ ወላጆቹን የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። በእንግሊዝ አገር ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2005 ወዲህ የተመዘገበ ለጋሽ ማንነቱ ተሰውሮ አይቀርም፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው መጠየቅ ይችላል። የጡት ልጅ የሆነው ወንድማችንም ይህን ሲሰማ፣ «እኔን ያቆሰለኝ ደማቸው አለመሆኔ አይደለም፤ በመሬት ጠብ መካከል መስማቴ ነው» አለን።

ስለ ደቡብ አፍሪካው ፍርድ አንድ ልብ አልሆንንም። አንዳንዶቻችን ፍርዱ ከልጆቹ አልፎ ጥምረቱን አጸና ብለን እንፈራለን፤ ሌሎቻችን ልጆቹን ለማዳን ሌላ መንገድ አልነበረም እንላለን። በአንድ ነገር ግን ተስማምተናል። ልጄ ብሎ የተቀበለ ሰው ለልጁ ሁለት ዕዳ አለበት፤ በሕግ ፊት መታሰርና እውነቱን አለመሸሸግ።

ይህም ዕዳ የሩቅ አገር ሰዎች ብቻ አይደለም። በየሰፈራችን የሟች ወንድማቸውን፣ የጎረቤታቸውን ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ናቸው። የጉዲፈቻ ስምምነት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። እንግዲህ ወደ ቤታችን ስንገባ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን እንጠይቅ፤ ወረቀቱ ከሌለ አብረናቸው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት እንሂድ፤ ልጁም ከባዕድ ሳይሆን ከእነርሱ አፍ ይስማ። ያ ወንድማችን የጠየቀንን ጥያቄ ሌላ ልጅ በቀብር ማግስት እንዳይጠይቅ።