ከኮርቻ መውረድ፦ የጠጠር መንገድ፣ የደብር ደንና የፈቃድ ጥያቄ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ሥር ሰድዶ በኖረው ልማድ፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ የሚጓዝ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ከኮርቻው ይወርዳል፤ ተሳልሞ፣ ማለትም ጎንበስ ብሎ ወይም ደጁን ስሞ አክብሮቱን ከገለጸ በኋላ፣ እንስሳውን ስቦ አጥሩን ያልፍና ዳግመኛ ይቀመጣል። ድርጊቱ ከጥቂት ደቂቃ ባይበልጥም የሚያስነሣው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሰው መንገዱን ሳይጨርስ፣ ሳይደክምና ማንም ሳያስገድደው በአንድ ሥፍራ ላይ እንዲወርድ የሚያደርገው ምንድን ነው? ቦታው በራሱ ቅዱስ ስለሆነ ነው ወይስ መውረዱ ወራጁን ስለሚለውጠው?

ጥያቄው በአዊ ዞን፣ በአዘና፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ባለው ደጋና ወይና ደጋ ሲነሣ ሥጋ ይለብሳል፤ አገሩ የፈረስ አገር ነውና። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዐድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ በሚውልበት ዕለት፣ በዓሉን ያከብራል። በሌላ በኩል በ2003 ዓ.ም. ግድም ከተጀመረው የሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ወዲህ፣ ገረጋንቲ የለበሱና ሕዝቡ «ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ» የሚላቸው መንገዶች በየአገሩ ቀበሌን ከወረዳ ከተማ እያገናኙ በዝተዋል። በውጭው ዓለም «ግራቭል» የተባለው የብስክሌት ግልቢያ፣ ይኸውም ሰፋ ባለ ጎማ አስፋልት ባልለበሰ መንገድ ላይ በደንና በተራራ መካከል ረጅም ርቀት መጓዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በጣሊያን ቬኔቶ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና እስከማየት ደርሷል፤ ለእንዲህ ያለው ግልቢያም የአዊ መልክዓ ምድር ልክ ተወስዶለት የተሰፋ ይመስላል። እንግዲህ ለፈረሰኛው የተሠራው ሥርዓት ለብስክሌተኛው ምን ይላል?

መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ የግድ መውረድንና የፈቃድ መውረድን መለየት ያስፈልጋል። በገረጋንቲ ዳገት ላይ የኋላው ጎማ ልቅ ጠጠር ሲያገኝ መጨበጫ ያጣል፤ ጋላቢው ከመቀመጫው ተነሥቶ ክብደቱን ወደ ፊት ሲጥል ጎማው ይብሱን ይንሸራተታል፣ ተቀምጦ ልርገጥ ሲል ደግሞ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ በመጨረሻም ወርዶ ይገፋል። ይህ መውረድ የግድ ስለሆነ ዳገቱ ያወረደው ሰው ትሑት ሆነ አይባልም፤ ትሕትና ማለፍ የሚችል ሰው ላለማለፍ ሲመርጥ የሚገኝ ነውና። በውድድርም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለተወዳደሩት የኢትዮጵያ ብስክሌተኞችም ሆነ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለሆነው ለጽጋቡ ግርማይ፣ መለኪያው ሰዓት በመሆኑ በመንገድ መካከል መውረድ ኪሳራ ነበር። የደብሩ ደጃፍ ግን ሰዓት የማይቆጠርበትን፣ ጋላቢው በሙሉ ጉልበቱ ሳለ የሚወርድበትን ሌላ ዓይነት መውረድ ይጠይቃል።

በዚህ ላይ ከራሱ ከሃይማኖት ትምህርት የሚነሣ ተቃውሞ አለ። እግዚአብሔር «ምሉዕ በኵለሄ»፣ ማለትም በሁሉ የሞላና በቦታ የማይወሰን ከሆነ፣ ለአንድ አጥር ወርዶ ለቀጣዩ አሥር ኪሎ ሜትር መገስገስ አምላክን በአጥር መወሰን አይሆንም ወይ? ለዚህ ምላሽ የሚሆነው የሙሴ ታሪክ ነው። ሙሴ በኮሬብ ዕፀ ጳጦስ፣ ማለትም እሳት ነድዶባት ያልተቃጠለችው ቁጥቋጦ፣ ፊት በቆመ ጊዜ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘው እግዚአብሔር በሌላው ምድር ላይ ስለሌለ አልነበረም። ውሱኑ ሰው ነው፤ በሁሉ ቦታ የሚገኘውን በሁሉ ቦታ ሊያስተውል ስለማይችል ማስተዋሉን የሚጀምርበት አንድ ሥፍራ ያስፈልገዋል። ቤተ ክርስቲያንም ለአምላክ ብቻ የሚቀርበውን የአምልኮ ስግደት ለቅዱሳንና ለንዋያተ ቅድሳት ከሚቀርበው የጸጋ ስግደት ስትለይ፣ ለደጃፉ የሚሰጠው ክብር በደጃፉ አልፎ ወደ ባለቤቱ እንደሚሄድ ታስተምራለች።

ሥፍራው ራሱ «ዐጸድ» ይባላል፤ ቃሉ በግእዝ የታጠረ ግቢን የሚያመለክት ሲሆን «ዐጸደ ወይን» ሲባል የወይን ቦታን፣ «ዐጸደ ነፍስ» ሲባል ደግሞ የሙታን ነፍሳት የሚያርፉበትን ያመለክታል። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች የጥንቱ ደን በአብዛኛው የተረፈው በዚህ ዐጸድ ውስጥ መሆኑ ይታወቃል፤ ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶውና ዋንዛው ያለ ምሳር ያረጁበት ምክንያት መቆረጣቸው ነውር ስለሆነ ነው። ከእርሻው መካከል እንደ ደሴት ብቅ የሚለውን ይህን ጥቁር አረንጓዴ ብስክሌተኛው ከሩቅ ያየዋል፤ ሲቀርብ ግን ከጎማው ሥር ከሚንኳኳው ጠጠርና መርገጡን ባቆመ ቁጥር ከኋላ ጎማው ከሚሰማው የጥርስ ቅጭልጭልታ የተነሣ የዛፉን ድምፅ አይሰማም። የወፉ ዝማሬና የቅጠሉ ሹክሹክታ የሚደመጠው ሲወርድና ሲቆም ነው፤ በዚህም የአክብሮት ድርጊቱ የማስተዋልም ድርጊት ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ከዐጸዱ አጥር ውጭ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማና በአጎራባቾቹ ወረዳዎች፣ ዓይን እስኪደክም የሚዘረጋው ሌላ ደን ዲከረንስ የተባለው፣ ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነ የግራር ዘር ነው። ገበሬው ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከሰብል ጋር አብሮ ይተክለዋል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ ከዚያም መሬቱን መልሶ ያርሰዋል፣ ዛፉ ናይትሮጅን ለአፈሩ ስለሚያተርፍም እርሻው ይጠቀማል። ታዲያ ብስክሌተኛው ለአንዱ ደን ወርዶ በሌላው ውስጥ እንደ ነፋስ ሲያልፍ፣ የሚጸለይበትን አክብሮ የሚበላበትን መናቁ አይደለም ወይ? እዚህ ላይ የቅድስና አጥር በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል፦ አክብሮት የሚያበቃበት ወሰን ተደርጎ ወይም አክብሮት የሚጀመርበት ትምህርት ቤት ተደርጎ። በመጀመሪያው ንባብ ዲከረንሱ ጌጥ ነው፤ በሁለተኛው ንባብ ግን እያንዳንዱ ረድፍ የአንድ ቤተሰብ የግብር፣ የማዳበሪያና የደብተር ዋጋ መሆኑን ለማየት ዓይን ይከፈታል።

ከሁለቱ የትኛው ንባብ በጋላቢው ልብ እንዳደረ የሚታወቀው ደጃፉ ላይ ሳይሆን ከደጃፉ ካለፈ በኋላ ነው። ፈረስ ባለቤቱ ሲወርድ በአራት እግሩ ይቆማል፤ ብስክሌት ግን ሚዛኑን የሚጠብቀው በመሄድ ስለሆነ፣ ከላዩ የወረደ ሰው ወይ ያስደግፈዋል ወይ ራሱ ይደግፈዋል፤ የተሸከመውን መልሶ ይሸከማል ማለት ነው። ይህን በዐጸዱ ፊት የተለማመደ ጋላቢ፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ ከጠባቡ ድልድይ በወዲያ ማዶ የከሰል ማዳበሪያ የጫኑ አህዮችና ከኋላቸው የሚነዳቸውን ሰው ሲያይ፣ ለሸክም መንገድ መልቀቅ የአገሩ ወግ ነውና ፍሬኑን ይይዛል። እዚያ አጥር የለም፣ የሚሳለሙት ደጃፍም የለም፤ ብስክሌተኛው ግን ይወርዳል፣ ብስክሌቱን ወደ ጥጉ ሳብ አድርጎ ያቆማል፣ አህዮቹ አልፈው እስኪያበቁም መሪውን ይዞ ይጠብቃል።